«የሚመለከተው አካል» ማን ነው?

የመመረቂያ ጽሑፍም ይሁን የፕሮጀክት ሪፖርት፣ አገራችን ውስጥ የተሠራ ጥናት መጨረሻ ገጹ ላይ ሲደርስ አንድ የሚታወቅ ዓረፍተ ነገር ይጠብቀናል፦ «የሚመለከተው አካል ተገቢውን ትኩረት ሊሰጠው ይገባል።» ከሥሩም ግንዛቤ ማስጨበጫ ይሰጥ፣ ቅንጅታዊ አሠራር ይጠናከር፣ አቅም ይገንባ የሚሉ ምክሮች ይሰለፋሉ። ወራት የተለፋበት፣ በፀሐይ ቀበሌ ለቀበሌ የተዞረበት፣ ሰዎች ሥራቸውን ትተው መልስ የሰጡበት ጥናት እዚህ ላይ አድራሻ ያጣል። የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነ አልተጻፈማ። ወረዳው ነው? የክልሉ ቢሮ ነው? የከተማው ምክር ቤት ነው? ምን ያድርግ? በስንት ብር? እስከ መቼ?

የኢትዮጵያን የፖሊሲ ጥናት ሁኔታ በአንድ ነገር ግለጽ ብባል ይህን ዓረፍተ ነገር እጠቅሳለሁ። ጥናት አላነሰንም፤ በየዩኒቨርሲቲው መደርደሪያው ሞልቷል። ያነሰን ከአንድ ወንበርና ከአንድ ውሳኔ የሚነሣ ጥያቄ ነው። አድራሻው መጨረሻ ላይ የሚጠፋው መጀመሪያውኑ ስላልነበረ ነው።

ጎንደር ይህን ለማየት ጥሩ ቦታ ናት። የጤና ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ከጀርባው የደምቢያ ወባ ነበር። በጣና ዙሪያ ሕዝብ የጨረሰው ወረርሽኝ አንድ ጥያቄ አስነሣ፦ ሐኪም በማይደርስበት ገጠር በሽታን የሚከላከለው ማን ነው? መልሱ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የሳኒቴሽን ባለሙያ በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር መላክ ሆነ። ከዚያ ጥቂት ዓመት ቆይቶ በ1950 ማብቂያና በ1951 መጀመሪያ የተነሣው ወባ ደግሞ በአገሪቱ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። ጥያቄው የማን እንደሆነና መልሱን ማን እንደሚጠብቅ ያኔ ማንንም አያሻማም ነበር።

ከዚህ የቀረበ ምሳሌም አለ። ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞችን በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛር ያጠቃቸዋል። በደማቸው ኤችአይቪ ሲኖር በአንድ መድኃኒት ብቻ ማዳን አስቸጋሪ ነው። ጎንደርና አብደራፊ ላይ የተካሄደ የሕክምና ሙከራ አምቢሶም የተባለውን መድኃኒት ብቻውን መስጠትን ሚልተፎሲን ከተባለ ሌላ መድኃኒት ጋር አጣምሮ ከመስጠት ጋር አነጻጸረ። የታካሚዎቹ ቁጥር 60 እንኳ አልሞላም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ ይህን ሙከራና በሕንድ የተደረገውን ተመሳሳይ ጥናት መሠረት አድርጎ ጥምር ሕክምናውን መከረ። ታዲያ ይህ ጥናት ለምን ፍሬ አፈራ? ጥያቄው አልጋው አጠገብ ከቆመው ሐኪም የመጣ፣ መልሱም ሊለውጠው የሚችለው የመመሪያ መስመር አስቀድሞ የታወቀ ስለነበር ነው። ናሙናው ትልቅ ስለነበር አይደለም።

ስለ ናሙና ካነሣን፣ ስንት ሰው ይጠየቅ ሲባል ሁሌ የሚመጣው 384 ላይ መቆም ግድ ነው።

የጤናም ሆነ የማኅበራዊ ጉዳይ መመረቂያ ጽሑፍ ሦስተኛውን ምዕራፍ የገለጠ ሰው ይህን ቁጥር ያውቀዋል። 1.96 (የ95 በመቶ እርግጠኝነት ቁጥር) በራሱ ተባዝቶ፣ በ0.5 እና እንደገና በ0.5 (ግማሹ አለው፣ ግማሹ የለውም በሚል ግምት) ተባዝቶ፣ ለ0.05 (ለሚፈቀደው ስሕተት) ካሬ ሲካፈል 384.16 ይመጣል። መልስ ለማይሰጡ ሰዎች 10 በመቶ ሲጨመር 422 ይሆናል። ናሙናው በቀበሌ በቀበሌ የተመረጠ ከሆነ 384.16ቱ በ2 ተባዝቶና 10 በመቶ ተጨምሮበት 845 ይሆናል። 422 እና 845 የሚሉ ቁጥሮች ርእሳቸው በማይገናኝ ጥናቶች ላይ ተደጋግመው የሚታዩት ለዚህ ነው።

ስሌቱ ራሱ ትክክል ነው። «ከመቶ ስንቱ?» ለሚል ጥያቄ ከ5 ነጥብ ባልበለጠ ስሕተት መልስ ይሰጣል። የወረዳ ኃላፊ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፤ ይህን ብናደርግ ምን ያህል ይለወጣል? ይላል። ለዚህ ሌላ ስሌት ያስፈልጋል። ሽንት ቤት የሚጠቀመው አባወራ ከ40 በመቶ ወደ 50 ከፍ ማለቱን ለማረጋገጥ፣ በተለመደው 80 በመቶ የማወቅ አቅም (ለውጡ ካለ ከመቶ 80 ጊዜ የማየት ዕድል)፣ ፕሮግራሙ ከገባበት ወገን 384 ሰው፣ ካልገባበት ወገን ደግሞ ሌላ 384 ሰው ያስፈልጋል። ለውጡ ከ40 ወደ 45 ብቻ ከሆነ በየወገኑ ወደ 1,530 ይደርሳል። ይህም ሰዎቹ አንድ በአንድ በዕጣ ቢመረጡ ነው። በተግባር ግን ከአንድ ጎጥ 20 ቤት ነው የምንጠይቀው። የአንድ ጎጥ ሰው ከአንድ ምንጭ ይቀዳል፣ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ታስተምረዋለች፤ መልሱም ይመሳሰላል። ተመሳሳይነቱን የሚለካው ቁጥር 0.05 ቢሆን፣ 19 (20 ቤት ሲቀነስ 1) ጊዜ 0.05 ሲደመር 1 ማለትም ናሙናው የሚባዛበት 1.95 ማባዣ ይመጣል። 0.1 ከሆነ 2.9 ነው። እንግዲህ «ማባዣውን 2 ወስደናል» ብሎ ማለፍ ደኅና ግምት የሚሆነው አንዳንዴ ብቻ ነው። ለውኃና ለመንገድ ጥያቄ ተመሳሳይነቱ ከዚያም ይበልጣል፤ ቧንቧው ወይ ለሰፈሩ ሁሉ ይመጣል ወይ ለሰፈሩ ሁሉ ይቀራል። ማባዣውን ለማወቅ ቀደም ሲል በተሠራ ዳሰሳ ጥሬ መረጃ ላይ ማስላት ይቻላል። ግማሽ ቀን የሚበቃው ሥራ ነው፤ ማንም የሚሠራው ግን እምብዛም ነው።

ከናሙናው ቀጥሎ ርእሱ ይመጣል፦ «የእገሌ ችግር ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች»። ተያያዥ ሆነው የሚወጡት ትምህርት፣ ገቢና ከተቋሙ ያለው ርቀት ናቸው። እውነት ናቸው፤ ነገር ግን የጤና ጣቢያ ኃላፊ የእናቶችን የትምህርት ደረጃ በዘንድሮ በጀት አይለውጥም። ሊለውጥ የሚችለው የክትባት ቀኑን ከገበያ ቀን ጋር ማድረግን፣ የተራ አያያዙን፣ ማቀዝቀዣው ሲበላሽ ማን እንደሚደወልለት ነው። እነዚህ መጠይቁ ውስጥ ካልገቡ ከኮምፒውተሩ አይወጡም።

ሌላው ችግር ከመጠይቁ ውጭ ነው፤ ማካፈያው ቁጥር፣ ማለትም የሕዝብ ብዛቱ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። የመጨረሻው የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የጎንደር ከተማ ሕዝብ 207,044 ተብሎ ተመዘገበ። በ2010 ሊደረግ የነበረው ተራዘመ፤ በ2011ም እንደገና ተራዘመ። ስለዚህ ዛሬ ዕቅድ ክፍሎች «የሕዝብ ብዛት» በሚለው ዓምድ የሚሞሉት በዚያ ቆጠራ ላይ የዕድገት መጣኔ እየተጨመረበት የመጣ ትንበያ ነው። ትንበያ ለአገር ደረጃ ያገለግላል። ወደ ወረዳና ቀበሌ በወረደ ቁጥር ግን ይሳሳታል፤ ሰው ከገጠር ወደ ከተማ ይገባል፣ ከከተማም አዲስ ወደተመሩ የጠርዝ ሰፈሮች ይወጣል፣ በጦርነት ይፈናቀላል። ትንበያው ይህን አያይም።

ይህ ወረቀት ላይ ምን እንደሚያመጣ በምሳሌ ቁጥር እናስላው። የአንድ ቀበሌ ትንበያ 12,000 ሰው ነው እንበል። ከዓመት በታች ያሉ ሕፃናት 3 በመቶ ናቸው ተብሎ 360 ይያዛል። ጤና ጣቢያው የከተበው 410 ነው። ሽፋኑ 114 በመቶ ሆነ። ሪፖርቱ የጤና መረጃ በኮምፒውተር በሚጠናቀርበት ዲኤችአይኤስ 2 ላይ ይገባል፣ ወረዳው «ከዕቅድ በላይ» ብሎ ያመሰግናል። በዚያው ቀበሌ ግን ከጫፍ ያለው ጎጥ ሕፃናት አንድም ቀን አልተከተቡ ይሆናል። 410ሩ ውስጥ ከጎረቤት ወረዳ ለገበያ ወይም ለሕክምና የመጡ አሉበት፤ ጎንደርን በመሰለ ሪፈራል ሆስፒታል ባለበት ከተማ ይህ የየቀኑ ነገር ነው። ከመቶ በላይ የሆነ ሽፋን ያገኘ አጥኚ ቁጥሩን ወደ 100 ቆርጦ ማለፍ የለበትም። የክትባት መዝገቡን የአድራሻ ዓምድ ከፍቶ ከቀበሌው የመጡትን ለይቶ ይቁጠር፤ ከዚያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለየቤቱ ከሚይዙት የቤተሰብ ማኅደር ጋር ያመሳክር። የመጀመሪያውን ክትባት ከወሰዱት ውስጥ ሦስተኛውን ያልወሰዱት ስንት ናቸው የሚለው ጥያቄ ደግሞ የሕዝብ ብዛት ጨርሶ አያስፈልገውም። ማካፈያው በተጠረጠረ ጊዜ እሱን የማይፈልግ መለኪያ መፈለግ የዚህ ሙያ ጥሩ ልማድ ነው።

የዞን ስሞችም ያሳስታሉ። በ1999 ቆጠራ ሰሜን ጎንደር 2,929,628 ሕዝብ ያለው አንድ ዞን ነበር። በ2010 ዓ.ም. ገደማ ማዕከላዊ፣ ሰሜንና ምዕራብ ጎንደር ተብሎ ተከፈለ። ደባርቅን መቀመጫ ያደረገው አዲሱ ዞን የድሮውን ስም ይዞ ቀረ። የ15 ዓመት መረጃ በዞን ስም ብቻ የደረደረ ሰው ሰሜን ጎንደር ላይ ምርትም፣ ተማሪም፣ ታካሚም በአንድ ዓመት ሲያሽቆለቁል ያያል፤ ከዚያም ምክንያት ሊፈልግለት ይነሣል። የተከሰተ ነገር የለም፤ ካርታው ነው የተለወጠው። መፍትሔው ዞኑን ትቶ ከወረዳ መጀመር፣ የተከፈሉ ወረዳዎችን ደግሞ ከቀበሌ መልሶ መደመር ነው። የትኛው ቀበሌ በየትኛው ዓመት የት እንደነበረ የሚያሳይ አንድ ሰንጠረዥ ሠርቶ ለሌላው የሚያካፍል ሰው፣ አሥር መመረቂያ ጽሑፍ ከመጻፍ ያላነሰ ውለታ ይውላል።

ይህን ሁሉ ስል ከከተማችን ከጎንደር በስተሰሜን፣ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለውን ዳባትን ሳልጠቅስ አላልፍም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያ የተመረጡ ቀበሌዎችን ነዋሪ ይከታተላል፤ ልደት፣ ሞት፣ መሄድና መምጣት ቤት ለቤት ይመዘገባል። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ከሞቱ በፊት ስለታየው ምልክት ተጠይቆ የሞቱ ምክንያት ይገመታል። እዚያ ማካፈያው ትንበያ አይደለም፣ የተቆጠረ ሰው ነው። ውሱንነቱ ዳባት ዳባት መሆኗ ነው፤ የዳባት ውጤት እንዳለ ለቋራ ቆላ አይተረጎምም።

አሁን ወደ መስክ እንውረድ። እዚህ ያለው ጥፋት ብዙ ነው፤ አንዱን ብቻ በደንብ ልይዘው፤ ጾም።

የሕፃናት አመጋገብ ጥናት እናትን «ትናንት ቀንና ሌሊት ልጅሽ ምን በላ?» ብሎ ይጠይቃል። መረጃ ሰብሳቢው ሐሙስ ወይም ቅዳሜ ከመጣ «ትናንት» ረቡዕ ወይም ዓርብ ነው። ሕፃን አይጾምም፤ ነገር ግን ቤቱ ሲጾም ወተቱም እንቁላሉም ከምጣዱ አጠገብ አይገኝም፣ እናትየዋም ዕቃው እንዳይነካካ ትጠነቀቃለች። ጥናቱ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ውስጥ ከወደቀ ልዩነቱ የባሰ ነው። ፕሮጀክቱ መነሻ መረጃውን በመጋቢት ሰብስቦ ማጠቃለያውን በኅዳር መጀመሪያ ከሰበሰበ፣ ምንም ሳይሠራ የእንቁላል ተመጋቢው ቁጥር ያድግለታል። ከሁለቱ ልኬቶች በአንዱ ውስጥ ፍልሰታ ወይም ነቢያት ቢገባም እንዲሁ። የመፍትሔው መንገድ አስቸጋሪ አይደለም፦ ማጠቃለያውን ከመነሻው ጋር በተመሳሳይ የቤተ ክርስቲያን ወቅት ማድረግ እንጂ በተመሳሳይ የፈረንጅ ወር አለማድረግ፣ ምክንያቱም ዐቢይ ጾም በየዓመቱ ይንቀሳቀሳል፤ የቃለ መጠይቁን ቀናት በሳምንቱ ላይ በዕጣ መበተን፤ በመጠይቁ ላይ ቀኑንና «ትናንት ቤቱ ጾም ነበር ወይ?» የሚል አንድ መስመር መጨመር። ሙስሊም ቤተሰብ ባለበት ረመዳንም በዚሁ መንገድ ይያዛል። አንድ መስመር ጥያቄ 20 ሴኮንድ አትፈጅም።

ሌሎቹን ባጭሩ። መሬት በጥማድ ሲነገር ሩብ ሄክታር ብሎ መቀየር ለሜዳ ይሠራል፣ ለተዳፋትና ለድንጋያማ ግን አይሠራም፤ በሬ በቀን የሚያርሰው እንደ መሬቱ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ከማሳዎቹ ጥቂቱን በጂፒኤስ ዞሮ ለክቶ የአካባቢውን ማባዣ ማውጣት ያስፈልጋል። ምርትም የገበሬውን ግምት ከመቀበል 4 ሜትር በ4 ሜትር አራት ማዕዘን ለክቶ፣ አጭዶ፣ አድርቆ መመዘን ይሻላል፤ ማሳው ውስጥ አራት ማዕዘኑ የሚያርፍበት ቦታ ግን በዕጣ ቁጥር እንጂ ሰብሉ ባማረበት አይመረጥ። ዕድሜ 30፣ 35፣ 40 ላይ ይከማቻል፤ «ደርግ ሲወድቅ» በመሳሰሉ የአካባቢ ክስተቶች ማስታወሻ ሠርቶ መውጣት ይረዳል። ቀበሌው የሚመድበው መንገድ መሪ ደግሞ መልካም ሰው ቢሆንም ቃለ መጠይቁ ሲደረግ በር ላይ መቆም የለበትም፤ የሴፍቲኔት (ለችግረኛ አባወራ ክፍያ የሚሰጥ ፕሮግራም) ተጠቃሚ የሚመርጥ ሰው በቆመበት ስለ ሴፍቲኔት ምርጫ እውነት አይነገርም።

ሰላም በጠፋበት ጊዜ ናሙናው ሌላ በሽታ ይይዘዋል። መንገድ የተዘጋበት ቀበሌ በአስፋልት ዳር ባለ ቀበሌ ይተካል። ምትኩ የሚገኘው በሰላሙና በመንገዱ ምክንያት ስለሆነ ውጤቱ ሁሌም ከእውነታው የተሻለ ይወጣል። የአገሪቱ ትልቁ የማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ዳሰሳ እንኳ በ2014 ዓ.ም. ዙሩ ትግራይን ማካተት አልቻለም፤ ይህንንም በግልጽ ጽፏል። ትክክለኛው መንገድ እሱ ነው። የተተካ ቀበሌ በስም፣ ምክንያቱ በአንድ መስመር፣ ያልተደረሰበት ሕዝብ ግምት ከናሙናው ሰንጠረዥ ሥር ይጻፍ። በስልክ ቃለ መጠይቅ መሙላት ይቻላል፤ ግን ስልክ ያለው ሰው፣ ኔትወርክ በሚይዝበት ቦታ ያለ ሰው ነው የሚመልሰው፣ እሱም ይጻፍ።

ከጥያቄ ወደ ውሳኔ የሚሄድ ጥናት ምን እንደሚመስል ለማሳየት የጎንደርን ውኃ ልውሰድ። ከተማዋ በፈረቃ ትጠጣለች። የአንገረብ ግድብ ደለል ይሞላዋል፤ በላይ ያለው ተፋሰስ ታርሶ ያለቀ ተዳፋት ነው። «ነዋሪው በውኃ አቅርቦቱ ምን ያህል ረክቷል?» ብሎ 422 ሰው መጠየቅ ይቻላል፤ መልሱን ግን ማንም ባለጀሪካን ሳይጠየቅ ያውቀዋል። ለውኃ አገልግሎት ቦርድ የሚጠቅመው ጥያቄ ይህ ነው፦ በሚቀጥለው በጀት ያለንን ብር ተፋሰሱን ለማልማት፣ ጉድጓድ ለመቆፈር ወይስ የሚፈስሰውን ቧንቧ ለመጠገን እናውለው? በአንድ ብር ብዙ ውኃ የሚሰጠን የትኛው ነው?

የመጀመሪያው ሥራ ከማጣሪያው ስንት እንደወጣ ማወቅ ነው። የመውጫው ቆጣሪ ከሠራ ይነበባል። ካልሠራ የፓምፑ የሥራ ሰዓት በአቅሙ ይባዛል፤ ነገር ግን ያረጀ ፓምፕ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ያህል አይሰጥም። ስለዚህ መጠኑ የታወቀ ማጠራቀሚያ ገንዳ መውጫው ተዘግቶ በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ይለካና እውነተኛው አቅም ይገኛል። ሁለተኛው የተከፈለበት ውኃ ነው። የቢል ወርና የፓምፕ ወር አይገጥሙም፤ አንባቢው ሰፈሩን ለመዞር ሳምንታት ይፈጅበታልና። ስለዚህ ወር ከወር ሳይሆን 12 ወር ከ12 ወር ይነጻጸር። በግምት የተሞሉ ቢሎች ለብቻ ይለዩ። ሦስተኛው የቤት ቆጣሪው ታማኝ ነው ወይ የሚለው ነው። ከ30 ያላነሱ ቤቶች በዕጣ ተመርጠው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ላይ እየተሞላ የቆጣሪው ንባብ ይታያል። በፈረቃ ከተማ ቆጣሪ በሁለት መንገድ ይዋሻል፦ ውኃው ሲመጣ ቀድሞ የሚገፋው አየር ቆጣሪውን ያሽከረክረዋል፤ ሮቶው ሊሞላ ሲል ተንሳፋፊው በከፊል ሲዘጋ ደግሞ ቀጭን ፍሰት ሳይቆጠር ያልፋል። አንዱ ደንበኛውን፣ ሌላው አገልግሎቱን ይጎዳል።

የቀረው ልዩነት ያለ ፈቃድ የሚቀዳውና ከመሬት በታች የሚፈስሰው ነው። የሚፈስሰውን ለማወቅ የሙያው መጽሐፍ ሌሊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ሰው በማይጠቀምበት ጊዜ የሚያልፈውን ፍሰት ለካ ይላል። ጎንደር ላይ ይህ እንዲሁ አይሠራም፤ ፈረቃ የደረሰው ሰፈር በዚያው ሌሊት ነው ሮቶውን የሚሞላው። ፍሰቱ ፍሳሽ ይመስላል እንጂ አይደለም። የሚሻለው አንድ ሰፈርን ሁለትና ሦስት ቀን ያለማቋረጥ ማጠጣት፣ ሮቶዎቹ ሁሉ ሞልተው ሲዘጉ በሦስተኛው ሌሊት መለካት ነው። ይህን ለማድረግ ሌላው ሰፈር ፈረቃው ይዘገይበታል፤ ስለዚህ ነዋሪው አስቀድሞ ይነገረው፣ ፈቃዱም ይጠየቅ። ደለሉን ደግሞ ክረምት ከወጣ በኋላ ግድቡ ሲሞላ በጀልባ ላይ ሆኖ ጥልቀት እየለኩ ከመጀመሪያው ንድፍ ጋር ማነጻጸር ነው። ከዚያ ሦስቱ አማራጮች በየአንድ ሜትር ኩብ ስንት ብር እንደሚያወጡ በአንድ ሰንጠረዥ ይቀመጣሉ። ሥራው አንድ የሲቪል ምህንድስና፣ አንድ የኢኮኖሚክስና አንድ የአካውንቲንግ ተማሪ አብረው ቢይዙት በአንድ የትምህርት ዓመት ያልቃል። ሦስቱ ግን በሦስት ትምህርት ክፍል፣ በሦስት አማካሪ፣ በሦስት የመመዘኛ ቅጽ ሥር ናቸው፤ አብረው እንዲጽፉ የሚፈቅድ አሠራር ማግኘት ከልኬቱ ይከብዳል። የዩኒቨርሲቲ ሴኔት ሊያስተካክለው የሚችል ነገር ነው። ጎንደር ከምርምር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ተብሎ ከተለየ በኋላ ይህን መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል።

መረጃውን ለማግኘት የትብብር ደብዳቤ ይዞ መዞር የተለመደ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲው ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ። ደብዳቤው «ለጥናቱ አስፈላጊው ትብብር ይደረግለት» ካለ የሚገኘው ትብብር እንጂ መረጃ አይደለም። የሚፈለጉት ዓምዶች፣ ወራትና የፋይሉ ዓይነት ተዘርዝረው ይጻፉ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የማግኘት መብትን ይደነግጋል፣ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊም በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያዛል። ይህን መጥቀስ ጠብ መፈለግ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ኃላፊውን ራሱን «በሕግ ተጠይቄ ነው የሰጠሁት» እንዲል ያግዘዋል።

ምክሩ ሲጻፍ መሣሪያው መታወቅ አለበት። አዋጅ የምክር ቤት ነው፣ ደንብ የመስተዳድር ምክር ቤት፣ መመሪያ የቢሮ። ቢሮ በመመሪያ ሊያስተካክለው የሚችለውን ነገር «አዋጁ ይሻሻል» ብሎ መጻፍ ጉዳዩን ለዓመታት ማቆየት ነው። ወቅትም አለው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ የበጀት ጥሪው ክረምቱ ሳይመጣ በየካቲት አካባቢ ይደርሳል፣ ዕቅዱ በሚያዝያና በግንቦት ይጨቃጨቁበታል። መመረቂያ ጽሑፍ የሚከላከሉት ግን በሰኔ ነው፤ በሩ በተዘጋ ማግሥት። የመጀመሪያ ውጤቱን ጥር ላይ በሁለት ገጽ ማድረስ የተጠናቀቀውን መቶ ገጽ ሰኔ ላይ ከማድረስ ይጠቅማል።

እነዚያ ሁለት ገጾች ደግሞ በአማርኛ ይሁኑ። የክልሉ ካቢኔ የሚነጋገረው፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው፣ መመሪያ የሚያወጣው በአማርኛ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የሚተረጉመው ሰው ሳይኖር ሲቀር ጥናቱ አልተነበበም ማለት ነው። ተርጉሞ ማሳጠርም አይበቃም። መጀመሪያው መስመር ላይ ምን ይወሰን፣ ማን ይወስን፣ በስንት ብር፤ ቀጥሎ ይህን የሚደግፈው ቁጥር፤ ቀጥሎ ካልተደረገ ምን ይሆናል፤ በመጨረሻ ጥናቱ የማይመልሰው። ሜቶዶሎጂው በአባሪ።

በአገር ደረጃ ስላለው ብዙ አልልም። የኢትዮጵያ ልማት ምርምር ኢንስቲትዩትና የፖሊሲ ጥናትና ምርምር ማዕከል በ2011 ተዋሕደው የፖሊሲ ጥናት ኢንስቲትዩት ሆነዋል፤ ከመንግሥት ውጭ የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበርና የማኅበራዊ ጥናት መድረክ ለረዥም ጊዜ ሲያጠኑ ቆይተዋል። ገንዘቡ ትንሽ ነው። አገሪቱ ለምርምር ያዋለችው በ2009/10 ዓ.ም. ገደማ ከጠቅላላ ምርቷ 0.27 በመቶ ሲሆን የአፍሪካ ኅብረት ያስቀመጠው ግብ 1 በመቶ ነው። ከ2001 እስከ 2011 የሠራው የበጎ አድራጎት አዋጅ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት የመብትና የአስተዳደር ጉዳይ እንዳይነካ ከልክሎ ስለነበር ጥያቄው ራሱ ጠቦ ነበር። የሚሠራ ምሳሌ ካስፈለገ የሴፍቲኔት ፕሮግራም ግምገማ አለ። በ1997 የተጀመረው ፕሮግራም በየሁለት ዓመቱ በተመሳሳይ አባወራዎች ላይ እየተለካ ነበር፤ ከቀደምት ግኝቶቹ አንዱ ተጠቃሚው የታሰበለትን ክፍያ ሙሉ በሙሉ ባለማግኘቱ አማካይ ለውጡ ማነሱ፣ ቢያንስ ግማሹን ያገኙት ላይ ግን መሻሻል መታየቱ ነበር። ይህ ግኝት በቀጥታ ወደ ከፋዩ ጠረጴዛ ይሄዳል፤ ክፍያ በሰዓቱና በሙሉ ይድረስ ይላል። ልኬቱ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ስለታቀደ ነው።

ጥሬ መረጃውስ? ተመራቂው ሲሄድ ፍላሽ ላይ ሆኖ አብሮት ይሄዳል። ከሁለት ዓመት በኋላ ያንን ፋይል የከፈተ ሰው «ጥ7_ለ» የሚል ዓምድ፣ ውስጡም 1፣ 2፣ 88 ያገኛል። 88 «አላውቅም» ይሁን «አይመለከተውም» የሚያውቀው የለም። ፋይሉ ከመጠይቁ ቅጂ፣ ከእያንዳንዱ ኮድ ትርጉም፣ ከመለኪያው (ጥማድ ነው ሄክታር)፣ ከዘመን አቆጣጠሩ (የኛ ነው የፈረንጅ) እና የስም፣ የስልክና የጂፒኤስ ዓምድ ከወጣለት ቅጂ ጋር ለቤተ መጻሕፍቱ ሳይሰጥ ክሊራንስ አለመፈረም ይቻላል። የሬጅስትራር ቅጽ ላይ አንድ ሣጥን መጨመር ነው። ሣጥኗን የሚጨምረው «የሚመለከተው አካል» የዩኒቨርሲቲው የምርምር ምክትል ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት ነው፤ ጊዜውም ከሚቀጥለው የምዝገባ ወቅት በፊት።